ቀለም የተቀባው የነብሯ በር

ለእታለም፣

ሰባ አንድ ዓመት ሞላኝ። ይኸውልሽ ዛሬም ውኃዬን ራሴ ቀድቼ፣ ልብሴን ራሴ አጥቤ፣ ይህንንም ደብዳቤ ማንንም ሳልለምን በገዛ እጄ እጽፋለሁ። ፊደሉ ቢንጋደድ እንዳትስቂብኝ። አንቺስ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? ባልሽ፣ ልጆችሽ፣ አማትሽ ሁሉም ደኅና ናቸው? እኔ ከግንባሬ ስፌት በቀር ደኅና ነኝ።

በስልክ «ፈርምላቸውና ወደኛ ና» ማለትሽ ነገሩን ሳታውቂው ነው።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እዚህ የአራዊት ግቢ ያቆዩኝ ነብሯን የሚደፍር ስለጠፋ ነው። ሰው አላስጠጋ ስላለች «ወይዘሪት» እንላት ነበር። ሥራችን እንዲህ ነው፤ የሥጋ ባልዲ አንኳኩቼ ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገባትና በሩን በሰንሰለት ስቤ እዘጋለሁ። «ገባች!» ስል ጠራጊው የውጪውን ክፍል ሊጠርግ ይገባል። የበሩ መቀርቀሪያ ግን ዝጎ ተሰብሮ ነበር። ሦስት ጊዜ አመለከትኩ፤ የሚሰማ የለም። የመንግሥት ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው ሲባል የግቢው ኃላፊ በሽቦ አሳሰረና አረንጓዴ ቀለም አስቀባው። ተቆጣጣሪው መጥቶ «ችግር አለ አባባ?» አለኝ። ኃላፊው ከኋላው ሆኖ አፈጠጠብኝ። «የለም ጌታዬ» አልኩ። እኔ! ሰውዬው ሻይ ጠጥቶ፣ ፈርሞ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ለነብሯ ሥጋ መምጣት ከቀረ አራት ቀኑ ነበር። ባዶ ባልዲ አንኳኳሁላት፤ አምናኝ ገባች። ዘግቼ «ገባች!» አልኩ። ባልዲው ባዶ መሆኑን ስታይ ዞራ በሩን በግንባሯ መታችው፤ ሽቦው እንደ ክር ተበጠሰ። ጠራጊው መጥረጊያውን እንደያዘ ትከሻው ላይ ወጣችበት። የጭንቅላቱን ቆዳ እስከ ጆሮው ገሸለጠችው፤ ቀኝ ክንዱ በጥርሷ መሀል ሲሰበር ሰማሁ። አካፋ ይዤ ገባሁ። በጡጦ ያሳደግኋትን ራስ ራሷን ወቀጥኳት። ጥርሷ ረገፈ። ግንባሬን በጥፍሯ ተረተረችው፤ ደም ዓይኔን ቢሸፍነውም መምታቴን አልተውኩም። ዘበኛው ሁለት ጊዜ ተኮሰ፤ እግሬ ላይ ወደቀች። የጎድን አጥንቷ አንድ በአንድ ይቆጠር ነበር። የጠራጊውን ክንድ ሐኪሞች ከክርኑ በላይ ቆረጡት።

ኃላፊው «በሩን ሳልዘጋ ረስቼ ነው» የሚል ወረቀት ይዞ ሆስፒታል ድረስ መጣ። «በእርጅና ነው ይባላል፣ ማን ይፈርድብሃል? እምቢ ካልክ ግን የግቢውን ቤት ትለቃለህ» አለኝ። ኮሌታውን አንቄ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ነርሷ «አባባ፣ ያለን ቁስለኛ ይበቃናል!» ብላ አላቀቀችን።

እና አልፈርምም፤ በሩን ዘግቻለሁ። ማክሰኞ አጣሪ ኮሚቴው ፊት ቀርቤ የተበጠሰውን ሽቦ ጠረጴዛቸው ላይ አኖራለሁ። «የለም ጌታዬ» ብዬ መዋሸቴንም አልደብቅም። ቤቱን ይውሰዱት።

ባልሽን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። ትልቋን ልጅሽን ግንባሯን፣ መንትዮቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። አማትሽ ጆሯቸው ከብዷልና ሰላምታዬን ጮኸሽ ንገሪያቸው።

የምመጣው ዕዳዬን ራሴ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ጅቡና ሁለቱ ድቦችም እንደዚሁ በሽቦ ታስሮ ቀለም ከተቀባ በር ጀርባ ስላሉ፣ በራቸው ሳይቀየር ንቅንቅ አልልም። ጠራጊው ግራ እጁ እስኪለምድ ድረስ የሸሚዙን ቁልፍ በየጠዋቱ እኔ እቆልፍለታለሁ። ሚስቱን ግን እስካሁን ቀና ብዬ አላየኋትም። «ባልሽን ‹ገባች› ብዬ ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ በሩ በሽቦ መታሰሩንም አውቅ ነበር» ብዬ በአፌ ልነግራት ይገባኛል።

ወንድምሽ
ከግቢው አጥር ጥግ ካለው ቤት፣ እሑድ፣ ግንቦት 12 ቀን