የአራት ልጆች እናት፦ የማማ ንሲሚሬ ሙጋሩካ የሕይወት ታሪክ

ማማ ንሲሚሬ ከአባታቸው ከሙጋሩካ እና ከእናታቸው ከናቢንቱ እ.ኤ.አ. በ1963 በዋሉንጉ ኮረብታ ላይ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በደናግል ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ፤ ልብስ ስፌትም የለመዱት እዚያው ነው። እጃቸው ፈጣን፣ ምላሳቸው ደግሞ ከእጃቸው የፈጠነ ነበር።

በ1983 ከታላቅ ወንድሜ ከቺሩዛ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሲፋን፣ ቢሲምዋንና ማፔንዶን ወለዱ። በዚያ ዘመን የመንደራችን ሙሽራ ሁሉ የእርሳቸውን እጅ ሥራ ሳይለብስ አይዳርም ነበር። ወገቡ የጠበባትን ሙሽራ «ልብሱስ ደህና ነው፤ ባቄላውን ቀንሺ» ይሏት ነበር።

ትናንት የባላቸው ቤተሰብ ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ተሰብስበን እዚህ ላይ ስንደርስ፣ የሁላችን ታላቅ ካሊንዳ፣ «ከዚህ በቀጥታ ወደ ሕመሟ እለፍ። የሞተ ሰው ገመና አይወጣም» አሉኝ። በረቂቁ ላይም «የሦስት ልጆች እናት» ብዬ ጽፌ ነበር። ሲፋ ግን፣ «እናቴ ‹ታሪኬ ሲነበብ ያን ዘመን አትዝለሉት፤ ከዘለላችሁት እዚያው ጫካ ተዋችሁኝ ማለት ነው› ብላኛለች» አለች። የሲፋ ታናሽ እህት አሲፊዌ ከበሩ አጠገብ ቆማ፣ «አጎቴ፣ እኔንስ የት ልታስገባኝ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ካሊንዳም «በል ጻፈው» አሉ።

በ2003 ማማ ንሲሚሬ ባቄላ ሲያርሙ የታጠቁ ሰዎች ከማሳቸው ወሰዷቸው። በጫካው ውስጥ ለወራት ተደፈሩ። የተመለሱት ቆስለውና ፀንሰው ነው። ከተማ ሆስፒታል ገብተው ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ በ2004 ሴት ልጅ ወለዱና አሲፊዌ፣ ማለትም «ይመስገን»፣ ብለው ስም አወጡላት። ሐኪሞቹ የእነሱን ድርሻ ተወጡ። የቀረው የእኛ ነበር፤ እኛም አልተወጣነውም። ወደ ቤታቸው ሲመለሱ መኝታቸውን ፍየሎቹ ከሚያድሩበት ማድ ቤት አደረግነው፤ ሳህናቸውንም ለየነው። ቤተሰቡ የሙዝ ጠላውን ከብቦ በአንድ ቅል፣ በአንድ የመጠጫ መቃ እየተቀባበለ ሲጠጣ መቃው እርሳቸውን ዘሎ ያልፍ ነበር። ወንድሜም ይህን እያየ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ።

ረጂ ድርጅት ከጫካ ለተመለሱት ሴቶች ሁሉ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ የስፌት መኪና ሰጣቸው። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ነገር ግን አረንጓዴ መኪና ያላት ሴት የት እንደነበረች ከመንገድ ላይ ይታወቅ ጀመር። በእርሳቸው እጅ ያጌጡ ሴቶች ጨርቃቸውን ወደ ሌላ ሰፊ ይዘው ሄዱ። ማማ ንሲሚሬ ድርጅቱ ቢሮ ድረስ ሄደው፣ «ለጎረቤቶቻችንም ስጧቸው፤ ያኔ ማን ከየት እንደመጣ አይለይም» ብለው ለመኑ። «በጀቱ ለተጎጂዎች ብቻ ነው» ተባሉ። ከዚያ ቀለም ገዝተው መኪናቸውን ጥቁር ቀቡት። የሰማ ሁሉ ሲስቅባቸው፣ «መኪናውንስ ቀባሁት፤ ስሜን የሚቀባልኝ ነው ያጣሁት» አሉ። ከዚያ በኋላ እንደ እርሳቸው የተጣሉ ሴቶችን ማድ ቤታቸው ውስጥ እየተቀበሉ አብረው የተማሪ ልብስ ሰፍተው ኖሩ። አሲፊዌንም አስተምረው ለነርስነት አበቁ።

እ.ኤ.አ. በ2016 በቢሲምዋ ሠርግ ላይ ቤተሰቡ ለመጀመሪያ ጊዜ መቃውን ለማማ ንሲሚሬ ዘረጋላቸው። እርሳቸው ግን ሳይቀምሱ «ቅድሚያ ለልጄ» ብለው ለአሲፊዌ ሰጧት። ልጅቱ ጠጥታ ስትመልስ ካሊንዳ መቃውን ተቀብለው በኮታቸው ጫፍ ጠረጉት። አሲፊዌ ያኔ ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ምን ማለት እንደሆነ ገብቷታል። እናቷ እጇን ይዘው ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዚህ ቤት ጠላ አልቀመሱም። ይህን በሰው ፊት ሳነብ ፊቴን የማስገባበት የለኝም፤ የቤተሰቡም ሁሉ እንዲሁ ነው።

ማማ ንሲሚሬ በደረሰባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 2024 በተወለዱ በስልሳ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ያስታመሟቸው አሲፊዌና የማድ ቤቱ ሴቶች ናቸው። ባለቤታቸውን ቺሩዛን፣ እንዲሁም ሲፋን፣ ቢሲምዋን፣ ማፔንዶንና አሲፊዌን ትተው ሄደዋል። የአራት ልጆች እናት ነበሩ።

እኛ በማድ ቤት ያኖርናቸውን ማማ ንሲሚሬን እግዚአብሔር በቤቱ መካከል ያስቀምጥልን፤ እኛንም ይቅር ይበለን።

ለሐዘንተኞች ማሳሰቢያ፦ ከቀብር መልስ በቺሩዛ ግቢ ጠላ ይቀርባል። ካሊንዳ ራሳቸው መቃውን አስቀድመው ለአሲፊዌ ይሰጣሉ፤ ከእርሷም ከኋላ ለተቀመጡት የማድ ቤቱ ሴቶች ይተላለፋል። ከእነርሱ የሚቀበል ሰው መቃውን እንዳይጠርግ ቤተሰቡ ይለምናል።