ቅዳሜ የሚመጡት እንስሳት

ለምወድሽ እናቴ፣

ከሁሉ በፊት ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይስ ሐኪሙ የሰጠሽን ቅባት ዛሬም እንደታሸገ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠሽዋል? እኔ ደህና ነኝ። ባሌም ደህና ነው፤ ከጤናው በቀር ግን ሌላው ነገሩ ሁሉ ሲያጠራጥረኝ ከርሟል። በስልክ ያልነገርኩሽ ወሬው መረር ሲል «ውሃ ጥጄ ነበር» ብለሽ ስለምትዘጊብኝ ነው። ደብዳቤ አይዘጋም፤ ስለዚህ ተቀምጠሽ አንብቢው።

መደርደሪያዬ ላይ ያሉትን የፕላስቲክ እንስሳት ታውቂያቸዋለሽ። ባለፈው ስትመጪ «አቧራ መጥሪያ» ብለሽ ያሾፍሽባቸው ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ቅዳሜ ባሌ ከሥራ ሲመለስ ጸጉራም ማሞዝ፣ ያን የጥንቱን ዝሆን፣ ይዞ ገባ፤ ቁመቱ ከሻይ ብርጭቆ አይበልጥም። ከዛሬ ጀምሮ ከምድር የጠፉ አጥቢ እንስሳትን መሰብሰብ ጀምሬያለሁ አለኝ። እማዬ፣ ይህ ሰው በዐሥራ አንድ ዓመት ትዳራችን ካልሲውን እንኳ ከወለል ላይ ሰብስቦ አያውቅም።

ከማሞዙ በኋላ ሳንጃ ጥርሱ ድመት መጣ። ከዚያ ጸጉራሙ አውራሪስ፣ ከዚያ ቀንዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተንሰራፋው አጋዘን። ሁሉም የሚመጡት ቅዳሜ ነው። አልዋሽሽም፣ ወደድኳቸው። ጸጉራቸው አንድ በአንድ በቀጭን ብሩሽ የተሳለ ነው፤ ሰኮናቸው ላይ ሳይቀር የደረቀ ጭቃ የሚመስል ቀለም አለ። መጽሐፍ ተውሼ ስማቸውን አጠናሁ። ባሌ ግን አላጠናም። አንድ ቀን ያን ጥፍሩ እንደ ማጭድ የታጠፈውን ግዙፍ እንስሳ ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው፣ ዓይኑን ሳያሽ ድብ ነው አለኝ። ድብ! ስሎዝ የሚሉት ቅጠል በል ነው፤ ይህ ግዙፉ ካለቀ ስንት ሺህ ዓመቱ ነው። ያን ዕለት ሰብሳቢው እሱ አለመሆኑን አወቅሁ።

በልጅነቴ «መርማሪዋ» ትይኝ አልነበር? መርማሪዋ ሥራዋን ጀመረች። አንድ ዓርብ የመሣሪያ ቦርሳውን ብከፍት፣ ከመፍቻዎቹ መሃል ከነዋጋ ወረቀቱ አንድ መጫወቻ ተቀምጧል፤ እንደ ከረሜላ ወይን ጠጅ የሆነ አውራሪስ፣ ዓይኑ የተንሻፈፈ። በምሠራበት መነጽር ቤት ሌንስ ላይ ምልክት የምናደርግባት ሹል ብረት አለችን፤ በእሷ እግሩ ሥር ሁለት ጭረት አድርጌ መለስኩት። በሳምንቱ ቅዳሜ ያማረ ቡናማ አውራሪስ ሆኖ መጣ። ገልብጬ ባየው ጭረቶቼ ከቀለሙ ሥር አሉ። እንግዲህ ባሌ የሱቅ አሻንጉሊት ይዞ ይሄዳል፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በትዕግሥት ይቀባለታል፣ እሱም ይዞ ይመለሳል። እንዲህ ዓይነት ትዕግሥት ያለው ማነው? ሴት ናት አልኩ። ለሦስት ሳምንት ያህል ምግብ ሳቀርብለት ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ ጣል እያደረግኩ ነበር፤ እሱ ደግሞ ሥራ በዝቶብሽ ነው እያለ ያዝንልኛል።

ከዚያ የሥራ ባልደረባዬ ነው ብሎ የሰው መነጽር ለጥገና አመጣልኝ። መስታወቱ ላይ ያው ቡናማ ቀለም ተረጭቷል። ሌንሱን ለካሁት፤ ይህን የሚያደርግ ዓይን ከሰባ ዓመት አያንስም። ታዲያ ምን ልበል? ባሌ አሮጊት ወደደ ብዬ ሁሉ አሰብኩ እኮ! መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ፤ መነጽሩን ግን አሳምሬ ጠገንኩት።

ባለፈው ቅዳሜ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ተከተልኩት። ከአውቶቡስ ወርዶ አንድ ባለ አራት ፎቅ የአረጋውያን መኖሪያ ገባ። ሊፍቱን የሚጠግነው እሱ ነው፤ አውቃለሁ። ሊፍት ጠጋኝ ግን ብስኩት ይዞ አይገባም። አንድ ሰዓት ሙሉ ማዶ ያለው የጫማ ሱቅ መስኮት ላይ ጫማ ሳማርጥ ቆየሁ። ወጥቶ ሲሄድ ገባሁና በር ላይ ላገኘኋት ተንከባካቢ፣ «ባለቤቴ፣ የሊፍቱ ባለሙያ፣ ዕቃ ረስቶ ነው» አልኳት። ደስ ብሏት ሦስተኛ ፎቅ፣ ባሌ የሚጠይቃቸው ሽማግሌ ክፍል በር ድረስ ወሰደችኝ። ሴትዮዋ ወሬ ወዳድ ናት፤ ሳልጠይቃት ሁሉንም ነገረችኝ። እኚህ ሽማግሌ ጠያቂያቸው ሁለት ብቻ ነው አለች፤ ቅዳሜ ባለቤትሽ፣ ሐሙስ ደግሞ አንዲት እናት። እናትዮዋ ገና ከበር ሲገቡ እጅጌህን ቀለም አስነካኸው ብለው ይቆጣሉ፣ ከዚያ ሲከራከሩ ይውላሉ፣ ሲሄዱ ደግሞ ሽማግሌው እስከ በር ካልሸኘሁ ይላሉ አለችኝ።

በሩን ከፈትኩ። መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ አለ፤ በላዩ ወገቡ ድረስ የተቀባ ማሞዝና ገና ያልተቀባ ግልገሉ። ሽማግሌው የጠገንኩትን መነጽር አድርጓል። ብሩሹን የያዘበት እጅ ትንሿ ጣት ወደ ውስጥ የታጠፈች ናት። የእኔን ጣት ታውቂያታለሽ፤ ከማን ነው የወረስኳት ስልሽ «ከአያትሽ ነው» ትይኝ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ፤ ብሩሹ ወደቀ። «ድንቡሼ» አለኝ።

ድንቡሼ ብሎ የሚጠራኝ ሰው በዚህ ምድር ላይ አንቺ ብቻ ነሽ፣ እማዬ። ወይም እንደዚያ ነበር የማውቀው።

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። የጠየቅኩት የመጀመሪያ ጥያቄ ምን እንደሆነ ብነግርሽ ትስቂያለሽ፤ ለምን ዳይኖሰር አልሆነም አልኩት። እሱም ዳይኖሰር እንቁላሉን ጥሎ ሊሄድ ይችላል፣ እነዚህ ግን አጥብተው ያሳደጉ ናቸው፣ እኔ ያላደረግኩትን ነው የምቀባው አለኝ። ከዚያ ለምን ጥሎን እንደሄደ ጠየቅኩት። ምክንያት ነበረኝ፤ አሁን ሳወራው ግን ምክንያት አይመስልም አለኝ። በሄደ በሦስተኛው ዓመት ተመልሶ በራችንን አንኳኩቶ እንደነበር ነገረኝ። የከፈተችለት ሴት ምን እንዳለችውም ነገረኝ፤ ልጅቷ አንዴ አልቅሳልሃለች፣ ሁለተኛ አትሙትባት። አልተከራከራትም። ትክክል ነበረች አለ። እኔ ትክክል ነበረች አላልኩም፤ ለመፍረድ ገና ነኝ። ስወጣ ግን ግንባሩን ስሜዋለሁ። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ፣ ተናድጄም ነበር።

ተንከባካቢዋ ስትሸኘኝ ሊፍቱ ውስጥ ሆነን ሌላ ነገር ጨመረችልኝ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ሐሙስ ሊፍቱ በሁለተኛና በሦስተኛ ፎቅ መሃል ቆሞ ሽማግሌውና ያቺ ጠያቂያቸው ተይዘው ነበር። የተጠራው ባለሙያ በሩን ፈልቅቆ ሲከፍት፣ ከውስጥ ያሉትን ሴትዮ አይቶ እንደ ሐውልት ደርቆ ቀረ፤ ሴትዮዋም ከሊፍቱ ሳይወጡ ክንዱን ይዘው ለረጅም ጊዜ አንሾካሾኩበት አለችኝ። በጣም ደንግጦ ነበር ምስኪን አለች። ምስኪን!

ቤት ገብቼ ባሌን አፋጠጥኩት። አውራሪሱን ጠረጴዛ ላይ ገልብጬ ጭረቶቼን አሳየሁት። ሽማግሌው አንድ ነገር ብቻ ለምኖት እንደነበር ነገረኝ፤ እኔ ካልሄድኩ እንኳ እነዚህ ቤቷ ይግቡ ብሎት ነው። የቀረውን ላልናገር ምያለሁ አለ። ማነው ያስማለህ ብዬ ስጠይቀው፣ ያስማለችኝ ሴትዮ ከአንቺ የበለጠ ታስፈራኛለች፣ ተዪኝ አለኝ። እማዬ፣ ይህ ሰው ከእኔ የበለጠ የሚፈራው አንድ ሰው ብቻ ነው።

እና አሁን ጥያቄዬን ልጠይቅሽ። ሐሙስ ሐሙስ ስልክሽ የማይነሳው ለምን እንደሆነ አልጠይቅሽም። በየዓመቱ «የአባትሽ መቃብር» እያልሽ ነጭ አበባ አስይዘሽ የምትወስጂኝ፣ ጽሑፏ የተፋቀው ያቺ ድንጋይ ግን የማን ናት? እስከ ባለፈው ዓመት ድረስ ቆሜ አልቅሼባታለሁ። አንቺም አጠገቤ ቆመሽ መሃረብ አቀብለሽኛል። ለማን ነው ያለቀስኩት? ከድንጋይዋ ሥር ያለው ሰውስ የራሱ ልጆች አልነበሩትም?

ተናድጃለሁ፣ በጣም ተናድጃለሁ። ትናንት ለአንዲት ደንበኛ የግራውን ሌንስ በቀኝ አስገብቼ ሰጥቻታለሁ። ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብቻሽን ይህን ሁሉ ይዘሽ መኖርሽን ሳስብ ደግሞ አንጀቴን ትበዪኛለሽ። ሁለቱም ስሜት በአንድ ሆድ ውስጥ አለ፤ አልተስማሙም።

ሐሙስ ከአራት ሰዓት ጀምሮ እዚያ ነኝ። አትቅሪ። ስትገቢ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳገኘሽው አትሁኚ፤ አንቺ ትችይበት ይሆናል፣ እሱ ግን መዋሸት አይችልም፣ ጆሮው ይቀላል። ግልገሉን ማሞዝ እኔ እንድቀባው ትቶልኛል፤ እጄ መጥፎ ስለሆነ አጠገቤ ሆነሽ ትቆጪኛለሽ።

ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥሽ። ዕድሜውን የምመኝልሽ ስለምወድሽ ነው፤ ብዙ መልስ ስላለብሽም ጭምር።

የሁለታችሁ ልጅ