ኮርቻ የማያውቀው ዳማ

ማክሰኞ

ጎሕ ሲቀድ የልጄን የጌታቸውን መርዶ አረዱኝ። ለውትድርና ከተወሰደ ስምንት ወሩ ነበር። የመርሳ ከተማ ሰው በር ላይ ተሰብስቦ ሳየው ገባኝ። ከዚያ ወዲያ ያልኩትን አላስታውስም።

ልጄ አልማዝ አላለቀሰችም። የወንድሟን ጋቢ ታቅፋ ግድግዳው ላይ ፈጠጠች። ገና አሥራ አራት ዓመቷ ነው።

ረቡዕ

እህል አልቀመሰችም። እሷንም እንዳላጣ ፈራሁ።

ሐሙስ። ሠልስት።

ጋሽ ይማም የጋሪ ፈረሶች አሏቸው። ጌታቸው ከትምህርት መልስ ያለ ክፍያ ጋጣቸውን ይጠርግ ነበር፤ አልማዝም እራቱን ታደርስለት ነበር። ዛሬ እንደ ወጉ፣ እሱ ይንከባከበው የነበረውን ዳማ የሚሉትን ፈረስ የተውሶ ኮርቻ ጭነው ወደ ለቅሶው አመጡት። ዳማ መሃል ላይ ተገትሮ ቀረ። ቢስቡት እምቢ፣ ቢገፉት እምቢ። አንዷ አልቃሽ፣ «ፈረሱም አዘነ!» ብላ ሙሾ አወጣች።

አልማዝ ብድግ አለች። «ምን ያዝናል! የጋሪ ፈረስ እኮ ነው፤ ኮርቻ አያውቅም። አውርዱለት!»

ራሷ ፈታችለት። ስትመራው ተከተላት። ከዚያ አንገቱ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ተመስገን አልኩ።

ጋሽ ይማም አፍረው፣ «አፉ በሉኝ፤ ለክብሩ ብዬ ነው» አሉኝ።

ቅዳሜ

ጋጣ ልሂድ አለችኝ። ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች፣ «ሐዘን ላይ ያለች ልጅ ፋንድያ ልትዝቅ?» አሉ። ቤት ተቀምጣ ከምትከስልብኝ ትዛቅ። ሂጂ አልኳት። ግን ፈረስ ይረግጣል። ቀኑን ሙሉ ልቤ ተንጠልጥሎ ዋለ።

ሰኞ

አላስቻለኝም፤ ሄጄ አየኋቸው። አምስት ልጆች ናቸው፤ ማንም አይከፍላቸውም። ውሃ ይቀዳሉ፣ ድርቆሽ ይሸከማሉ፣ ይሰዳደባሉ። ሰዒድ የሚባለው አዲስ ልጅ በፈረሱ ኋላ ሲመጣ አልማዝ ጮኸችበት።

«መጀመሪያ ስሙን ጥራ! አንተን ከኋላ ቢነኩህ አትደነግጥም?»

«እኔማ እራገጣለሁ» አላት። ሳቀች። ልጄ ሳቀች!

ጋሽ ይማም አጠገቤ ቆመው፣ «ወንድሟም ሲመጣ ቁጡ ነበር» አሉኝ። «ፈረስ ቁጣ አይወድም። ቀስ እያለ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ለመደ።»

እኔ አላወቅሁም ነበር። ያን ዓመት ቤት ውስጥ መጮኹን ሲተው ትምህርት ቤቱን ነበር ያመሰገንኩት።

ማታ አልማዝ በላች። ጥቂት ነው፤ ግን በላች። የነገን አላውቅም።

ይህ ደብተር እጃችሁ የገባ ሁሉ፣ ጌታቸውን በየእምነታችሁ በጸሎት አስቡልኝ። ጋሽ ይማም ዱዓ አድርገውለታል። እናንተም ነፍሱን ይማር በሉልኝ።