የበራ አምፑል ልክ

ለእህቴ ልጅ፣

እንደምን ከረምሽ? ጤናሽስ? ያ ጠዋት ጠዋት የሚያስነጥስሽ ነገር ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ሰፈሩን ትቀሰቅሻለሽ? እናትሽስ ወገቧ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ጥሎኝ እየሄደ ያለው ፀጉሬ ብቻ ነው፤ ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩም ከመቁረጡ ፍለጋው አደከመኝ እያለ ያማርራል።

ይኼን ሁሉ የምቀልደው ወደ ነገሩ ላለመግባት ነው። ታውቂኛለሽ፤ ሲጨንቀኝ ቀልድ ይበዛብኛል። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

ያችን ቅዳሜ አልረሳሻትም። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ለእረፍት መጥተሽ፣ ከኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቄ መደርደሪያ ባለ መቶ ዋት አምፑል አንስተሽ ደብተርሽ ላይ ሂሳቡን ሠራሽ። ቮልቴጁ ሁለት መቶ ሃያ ነው፤ ኃይሉ መቶ ዋት ነው፤ ስለዚህ የሚስበው ከረንት ግማሽ አምፔር እንኳ አይሞላም፤ ቮልቴጁን ለከረንቱ ስናካፍለው ሬዚስታንሱ አራት መቶ ሰማንያ አራት ኦም ይመጣል አልሽኝ። ሬዚስታንስ የምትሉት፣ ልጅ ሳለሽ ሳስተምርሽ እኔ የሽቦው እምቢታ የምለው ነው።

ደህና አጎት ቢሆን ጎበዝ ብሎ ያልፍ ነበር። እኔ ግን ፀጉር አስተካካዩና ጫማ ሰፊው በር ላይ ቆመው ያዩን ስለነበር አላስቻለኝም። የኤሌክትሪክ መለኪያዬን፣ ቴስተሬን፣ አንስቼ የአምፑሉን ሁለት ጫፍ ነካሁ። ሠላሳ ስድስት ኦም አለ። እናንተ ትምህርት ቤት የቀረውን አራት መቶ ምናምን ከየት ሰረቃችሁት? ብዬ ሳቅሁብሽ። አንቺ ግን ሳትቆጪ፣ አጎቴ፣ ሠላሳ ስድስት ከሆነማ ስድስት አምፔር ሊስብ ነው፤ በሁለት መቶ ሃያ ብታባዛው ከሺህ ሦስት መቶ ዋት ይበልጣል፤ ታዲያ ይኼ አምፑል ነው ምድጃ? አልሽኝ።

የተረታ አጎትሽ ምን እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ። ወረቀት አያበራም፣ የኔ ልጅ፣ የሚያበራው እጅ ነው አልኩ። ጫማ ሰፊው መዶሻውን ጥሎ ሳቀ። ፀጉር አስተካካዩ፣ ኢንጂነሩ የፕሮፌሰሯን ፊውዝ አቃጠለው! እያለ ለመንገደኛው ሁሉ አወራ። አንቺ ደብተርሽን ከደንሽና፣ እሺ አጎቴ፣ አንተ ካልክ አልሽ። እሑድ አውቶቡስ ስትሳፈሪ እንኳ ጉንጬን ስመሽኝ ነው የሄድሽው። ምናለ ብታኮርፊኝ ኖሮ።

ሐሙስ በተግባር ፈተናሽ ላይ የሆነውን የነገረችኝ እናትሽ ናት። አስተማሪው ያንኑ ዓይነት አምፑል አስይዞ፣ ሲበራ ሬዚስታንሱ ስንት ነው ሲልሽ፣ ሠላሳ ስድስት አልሽ። ከየት አመጣሽው ሲልሽ፣ አጎቴ በእጁ ለክቶ አሳይቶኛል፣ አጎቴ አይሳሳትም ብለሽ ተከራከርሽ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀብሽ። አምፑሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠሽ ወጣሽ፤ በዚያው ቀረሽ። ይኸው ስምንት ወር የሰው ወረቀት ፎቶ ኮፒ ስታደርጊ ትውያለሽ። ቤት ውስጥ አምፑል ሲቃጠል እንኳ ጎረቤት እንደምትጠሪ እናትሽ ነግራኛለች።

እውነቱን ልንገርሽ። አምፑሉን አብርቼ፣ ቴስተሩን በመስመሩ መሃል አስገብቼ ከረንቱን ለካሁ። ነጥብ አርባ አምስት አምፔር። ሁለት መቶ ሃያን ለሱ ሳካፍል አራት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ኦም፤ ሳባዛ ዘጠና ዘጠኝ ዋት። ካንቺ ደብተር የተለየሁት በአምስት ኦም ነው፤ እሷም የቴስተሬ እርጅና ናት። ለካ የአምፑሉ ክር ቀዝቅዞ ሳለ እምቢታው ጥቂት ነው፤ ሲግል ግን ከአሥር እጥፍ በላይ ያድጋል። አንቺ ያሰላሽው የሚሠራ አምፑል ነው። እኔ የለካሁት የጠፋ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አምፑል ስሰቅልና ሳወርድ፣ አንድም ቀን በርቶ ሳለ ለክቼው አላውቅም ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ሸሚዜን አስተኩሼ ትምህርት ቤትሽ ሄድኩ። አስተማሪሽ ወጣት ነው፣ በዕድሜ ልጄ ይሆናል። ስህተቱ የሷ አይደለም፣ የኔ ነው አልኩት። አልሳቀም። ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። እስከዚህ ወር መጨረሻ ከመጣች ፈተናውን ለብቻዋ እሰጣታለሁ፤ ከዚያ ካለፈ ግን ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል አለኝ። ስመለስ ፀጉር አስተካካዩንና ጫማ ሰፊውን ጠርቼ አምፑሉን ፊታቸው አብርቼ ለካሁት። ታዲያ ከእንግዲህ ኢንጂነር ማንን ልንል ነው? አለ ፀጉር አስተካካዩ። እሷን አልኩት።

ስለ እኔ ብለሽ አትሂጂ። የኔን ነገር ቆይተሽ ትደርሺበታለሽ፤ ብታኮርፊኝም መብትሽ ነው። ግን ወሩ ሳያልቅ ሂጂ።

ያንኑ አምፑል በጥጥ ጠቅልዬ ልኬልሻለሁ። የለካሁበትንም ወረቀት አብሬ አስቀምጫለሁ፤ ሂሳቡን እረሚልኝ። ልማዴን ታውቂያለሽ፣ የለካሁትን ነገር ሁሉ ቀኑን እጽፍበታለሁ። ቀኑ ያለባትን የወረቀቱን ጠርዝ ልቆርጣት መቀስ አንስቼ ነበር፤ መልሼ አስቀመጥኩት። ሰኞ ይላል፤ አንቺ በሄድሽ ማግስት፣ ከፈተናሽ ሦስት ቀን በፊት። ስልኬ አልተበላሸም ነበር።

እጅሽ የነካው ሁሉ ይብራልሽ። የሚስቅብሽ አይግጠምሽ፤ ቢገጥምሽም እንደኔ ያለ የቅርብ ሰው አይሁን። እናትሽን ሳሚልኝ።

አይሳሳትም ያልሽው
አጎትሽ