ለእህቴ ዕጢ ስለተደረገው መልካም እንክብካቤ

ለክቡር የሴል ምርምር ፕሮጀክቱ ዋና ኃላፊ
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ እንዲሆን፣ የቤተ ሙከራዎም ማቀዝቀዣ መብራት እንዳይጠፋበት፣ ከከሚሴ ሆኜ አላህን እለምናለሁ። እኔ ልብስ ሰፊው ነጂብ አደም ነኝ፤ ባለፈው ዓመት ባለሙያዎችዎ ከዕጢዋ ቆርጠው የወሰዱባት የሩመይሳ ወንድም። ምስጋናዬንና ጥቂት ቅሬታዬን በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ።

፩ኛ፣ በሴል ውስጥ ዘረመል እንደ ጥቅል ክር ተጠምጥሞ እንደሚኖር፣ ጥቅሉን የሚያላሉና የሚያጠብቁ ፕሮቲኖች እንዳሉ፣ በእህቴ ዕጢ ውስጥ እነዚህ ፕሮቲኖች መረን እንደወጡ፣ እናንተም አደብ የሚያስገዛቸው ኬሚካል እንዳገኛችሁ ሰዎችዎ በትዕግሥት ስላስረዱን እናመሰግናለን። ያልገባን፣ ኬሚካሉ የሚሰጠው ለሩመይሳ ሳይሆን በቤተ ሙከራዎ ሰሃን ላይ ለተቀመጠው የዕጢዋ ቁራጭ መሆኑ ነው። ይህችን ትንሽ ነገር ለመንገር ጊዜ አልበቃቸውም።

፪ኛ፣ እኛ መድኃኒት መጣልን ብለን፣ ፍየል አርደን፣ ወዳጃ ብለን ለዱአ ተሰበሰብን። ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ ባለሙያዎችዎም መዳፋቸውን ዘርግተው አሚን ብለዋል። ዱአ በተደረገበት መድኃኒት ላይ ሌላ መደረብ ዱአውን መናቅ ስለመሰለን ሩመይሳ ደሴ ሆስፒታል የነበራትን የሕክምና ቀጠሮ ተውነው፤ መተዋችንንም በኩራት ነገርናቸው። እነሱም ስለ ፍየሉ ሥጋ አመስግነው ሄዱ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ነውና ዓመት ሙሉ ጠበቅን። ሞኝነቱ የእኛ ነው፤ ዝምታው ግን የተማሩ ሰዎች ዝምታ ነበር።

፫ኛ፣ በቅርቡ ስልክ ስንደውል ኬሚካሉ በቁራጩ ላይ ግሩም ውጤት እንዳሳየ፣ ለሰው እስኪደርስ ግን ብዙ ዓመት እንደሚቀረው ተነገረን። እንኳን ደስ ያለዎ። ዕጢው እናንተ ዘንድ ሲከስም እዚህ ሩመይሳ ሆድ ውስጥ ፋፍቷል፤ የአስተዳደግ ልዩነት ይሆናል። እኔ ግን ተቆጥቻለሁ፤ ከቁጣዬም ይልቅ ፍርሃቴ ይበልጣል።

የምለምንዎት ትልቅ ነገር አይደለም። ለቁራጯ ካደረጉት እንክብካቤ ጥቂቱን ለባለቤቷ ቀንሰው፣ ከካንሰር ሐኪም ዘንድ ሳይመሽባት እንድትቀርብ አንድ ቃል ይናገሩላት።

ውለታዎን ቆጥሬ መጨረስ ያቃተኝ፣ ለሳይንስ እድገት አንድ እህትና አንድ ፍየል ያበረከትሁ፣ ትሑት አገልጋይዎ
ነጂብ አደም
ከሚሴ፣ መጋቢት ፳፻፯ ዓ.ም.

ተጨማሪ፦ ይህን ሳነብላት ሩመይሳ አንድ መልእክት ጨምርልኝ አለችኝ። በቃሏ እነሆ፦ «ያች እነሱ ዘንድ ያለችው ቁራጭ ከዳነች፣ መጥታ ልጆቼን ታሳድግልኝ።»