በኩሬው ስለታየው ነገርና በጋሽ በከር ላይ ስለሠራሁት በደል

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤ ኮምቦልቻ።

አሰላሙ ዓለይኩም አባባ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎን የሚያምዎትስ ተሻለዎት? እማዬ የዓይኗን ጠብታ ሳታቋርጥ ትጨምራለች? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ በአካል ደህና ነኝ። ስልክ ያልደወልኩት ረስቼዎት አይደለም፤ ድምፅዎን እየሰማሁ ይህን መናገር ስላቃተኝ ነው።

ሥራ ያስገቡኝ ጋሽ በከር መሆናቸውን ያውቃሉ። «የልጅነት ጓደኛዬ ልጅ ናት» ብለው ለኩሬው ባለቤት ለአቶ አምሳሉ ዋስ የሆኑልኝ እሳቸው ናቸው። ሰበታ መንገድ ባለው የዓሣ ኩሬ፣ እኔ በመንጠቆ ሊያጠምዱ የሚመጡትን እንግዶች እቀበላለሁ፤ እሳቸው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዓሣዎቹን ሲቀልቡ ኖረዋል።

ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ውሃው ውስጥ ሳንቲም የሚያካክሉ፣ መስታወት የመሰሉ ነገሮች ታዩ። እንደ ጃንጥላ እየተከፈቱ እየተከደኑ ይወጣሉ፣ መልሰው ይሰምጣሉ። እንግዶቹ ደነገጡ። ቅዳሜና እሁድ እንኳ ሰው ጠፋ። አቶ አምሳሉ «ውሃዬን ማነው ያበላሸው?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ሥራዬን እንዳላጣ ፈርቼ «ጋሽ በከር የመኖ ጆንያ ኩሬው ውስጥ ሲያጥቡ አይቻለሁ» አልኩ። አላየሁም አባባ። ዋሸሁ። እሳቸው እዚያው አጠገቤ ቆመው ነበር። በዚያው ቀን ተባረሩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሩሃማ የምትባል የዩኒቨርሲቲ መምህርት መጥታ ውሃውን በብርጭቆ ቀድታ አየች። ጄሊፊሽ እንደሚባል፣ ጨው በሌለው ውሃ የሚኖር ዓይነት እንደሆነ፣ ሰውንም እንደማይጎዳ ነገረችን። ብዙ ጊዜ ከሌላ ቦታ በመጣ የውሃ ተክል ላይ ተጣብቆ ይገባል አለች። በጥር ወር ኩሬውን ላሳምር ብዬ፣ ከሰንጋ ተራ ከጌጥ ዓሣ ሻጭ የውሃ ተክል ገዝቼ የተከልኩት እኔ ነኝ።

አራት ቀን ዝም አልኩ። በአምስተኛው ለአቶ አምሳሉ ሁሉንም ተናገርኩ። እሳቸውም «ሄደሽ ይመለሱ በያቸው» አሉኝ። ጌጃ ሰፈር ጋሽ በከር ቤት ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አነሱኝ። «ልጄ፣ ይቅር ብዬሻለሁ። እዚያ ግን አልመለስም። ዘጠኝ ዓመት የሠራሁለት ሰው፣ እውነት ነው ወይ ብሎ አንዴ እንኳ አልጠየቀኝም» አሉ። ከዚያ ምሳ ካልበላሽ አትሄጂም ብለው አስቀመጡኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ሰው ጄሊፊሹን ለማየት ብቻ ይመጣል። የማስረዳው እኔ ነኝ፤ ስናገር ፊቴ ይቃጠላል።

እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ፤ ደብዳቤውንም እርስዎ ያንብቡላት። ታናሼን ዘሀራን በጣም ናፍቃሻለች ይበሉልኝ። ወንድሜ ሙስጠፋም ለፈተናው ይበርታ።

ጋሽ በከር ለዐረፋ ወደ እናንተ ይመጣሉ። ስለ እኔ ሲጠይቋቸው «ጎበዝ ልጅ ናት» ብለው እንደሚሸፍኑልኝ አውቃለሁ። እንዳያምኗቸው ብዬ ነው ቀድሜ የጻፍኩልዎት።

ልጅዎ ሙፊዳ
ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.