ሐሙስ ሐሙስ ለሐኪሞች መማሪያ የተኙት የአቶ ገመዳ ሊሊሳ የሕይወት ታሪክ
(1962–2017 ዓ.ም.)

አቶ ገመዳ ሊሊሳ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ አጠገብ፣ ከአባታቸው ከአቶ ሊሊሳ ቱፋ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሸዋረጋ በዳኔ ጥቅምት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ተወለዱ። ሰባት ወልደው ሁለት ለቀሩላቸው እናት የበኩር ልጅ ነበሩ። ኮተቤ አክስታቸው ቤት ተቀምጠው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ከዚያ በላይ አልሆነም፤ አባት ሲሞቱ ታናሽ እህታቸውን የሚያሳድግ ሌላ ሰው አልነበረም።

ድንጋይ ሲሸከሙ ኖረው በ1987 ዓ.ም. በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የበሽተኛ አልጋ ገፊ ሆነው ተቀጠሩ። በዚሁ ሥራ ሠላሳ ዓመት ቆዩ።

በ1989 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሒሩት ገላው ጋር በቤተ ክርስቲያን ቃል ኪዳን ገብተው ጵርስቅላንና ናኦልን ወለዱ። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣላቸው የካ አባዶ ገቡ። ሁለት ሰዓት ሥራ ለመግባት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ታክሲ ይሰለፉ ነበር፤ አንድ ቀን አርፍደው አያውቁም።

በ2008 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የነበረችውን ጵርስቅላን መኪና ገጫት። ያመጧት አባቷ የሚሠሩበት ሆስፒታል ነው። አልጋዋን የገፉት እሳቸው ናቸው። ላይዋ ላይ ከጭረት በቀር ቁስል አልነበረም፤ ደሙ የሚፈሰው ሆዷ ውስጥ ነበር። የሆድን ውስጥ የሚያሳየው አልትራሳውንድ ሽፋኑን ለብሶ ግድግዳው ሥር ቆሟል። ከዚያን ቀን ተረኛ ሐኪሞች መሃል አንሥቶ ማየት የሚችልበት አልተገኘም። ሰዓት ሳይሞላ አለፈች።

በ2010 ዓ.ም. ለድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስትነት የሚማሩ ሬዚደንት ሐኪሞች ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በአልትራሳውንድ መሠልጠን ጀመሩ። ሆዱን ገልጦ የሚተኛላቸው ጤነኛ ሰው ጠፋ። አቶ ገመዳ ሸሚዛቸውን አውልቀው ተኙ። ቀጭን ስለሆኑ ጉበታቸውም ኩላሊታቸውም ቁልጭ ብሎ ይታያል ተባለ። ለምን እንደሚተኙ ሆስፒታል ውስጥ ለማንም አልተናገሩም። ለባለቤታቸው ግን «ሌላው አባት ልጁን ይዞ ሲመጣ የሚያይለት ይኑር» ብለዋቸዋል።

ለአልትራሳውንድ የሚቀባው ያ ቀዝቃዛ ቅባት ስድስት ዓመት ሆዳቸው ላይ ፈሰሰ። ከመተኛት ብዛት ራሳቸው አስተማሪ ሆኑ፤ «ኩላሊቴን አልፈሽዋል ልጄ፣ ወደ ጀርባ መለስ በይ» ይሉ ነበር። ሬዚደንቶቹ «ጋሽ ገመዳ፣ ምን በልተው ነው? ጋዝ ብቻ ነው የሚታየው» ሲሏቸው፣ «ሽሮ ነዋ! ለናንተ ብዬ ጾም ልያዝ?» ብለው ክፍሉን ያስቁ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ከጽሑፉ አውጡት ያሉን አሉ። አይወጣም።

ኅዳር 2016 ዓ.ም. አምለሰት የምትባል የአንደኛ ዓመት ሬዚደንት ጉበታቸው ላይ ክብ ነገር አየች። ምንድን ነው ብላ ጠየቀች። በዚያ ትምህርት የሚፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሆድ ውስጥ የፈሰሰ ደም፣ እሱም እንደ ጥቁር ውሃ ሆኖ ይታያል። አስተማሪዋ «የዛሬው ጥያቄ አንድ ነው፤ ውሃ አለ ወይስ የለም?» አሏት። «የለም» አለች። አቶ ገመዳም ራሳቸው «እኔ በሽተኛ አይደለሁም ልጄ፤ መማሪያ ነኝ። እለፊው» አሏት። ካርድ ያልወጣለትን ሰው ማን ይመረምራል? ዘጠኝ ወር ሙሉ በየሐሙሱ ያ ክብ ነገር ስክሪኑ ላይ ነበር። ሁሉም እሱን አልፎ ውሃ ይፈልጋል።

ነሐሴ ላይ ዓይናቸው ቢጫ ሆነ። የጉበት ካንሰር ነው፣ ጊዜው አልፏል ተባለ። ያኔ ቢታይስ ኖሮ? ብለን ሐኪሞቹን ስንጠይቅ «ምናልባት» አሉን። ምናልባትን ታቅፎ እንቅልፍ የሚወስደው ሰው የለም።

ጥር 2017 ዓ.ም. ሆዳቸው ውሃ ቋጠረ። በናኦል ትከሻ ተደግፈው ሐሙስ ሄደው ተኙ። «እስከ ዛሬ የሌለ ነገር ስትፈልጉ ኖራችሁ። አሁን አለ፤ እዩት» አሉ። አሥራ ሁለት ሐኪሞች በየተራ አዩ። ዶክተር አምለሰት ተራዋ ሲደርስ ወደ ኋላ ስትል፣ አቶ ገመዳ እጇን ይዘው ራሳቸው ሆዳቸው ላይ አስቀመጡት።

በወሩ የአልትራሳውንዱ ሆድ ላይ የሚያርፈው ክፍል ተሰበረ። መለዋወጫ የለም ተባለ፤ ሐሙስም ቀረ። በእሳቸው ሆድ ከተማሩት አብዛኞቹ አገር ለቀዋል። በመጨረሻው ሳምንት ናኦልን «ሥልጠናውን ጀመሩ?» ብለው ጠየቁት። ናኦል መዋሸት አይችልበትም። «አልጀመሩም አባዬ» አላቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ዳግመኛ ስለ ሆስፒታሉ አልጠየቁም።

መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ55 ዓመታቸው የካ አባዶ ቤታቸው አረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸውም ዛሬ ወዳጅ ዘመድ፣ የቤተ ክርስቲያን ወገኖችና የሥራ ባልደረቦቻቸው በተገኙበት ይፈጸማል። ባለቤታቸው ወ/ሮ ሒሩት፣ ልጃቸው ናኦልና ታናሽ እህታቸው አሳየች ሊሊሳ ከኋላቸው ቀርተዋል።

ወደ ጌታ በደስታ ሄዱ ብላችሁ ጻፉ ተብለን ነበር። በደስታ አልሄዱም። ጌታ ግን ያውቃቸዋል፤ ከነኀዘናቸው ይቀበላቸው። ወ/ሮ ሒሩትን ደግሞ እሱ ራሱ ደግፎ ይያዛቸው፤ እኛ አልቻልንም።